ለሚጠበቀው አልበም ዋስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ጥሩሰው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘጉብኝ። ቁም ሣጥኑ በውስጥ በኩል በብርድ ልብስ ተለብጧል፤ በልብስ ማንጠልጠያው ፈንታ ማይክ ታስሮበታል። የማስታወቂያ ቤታችን ስቱዲዮ ይኸው ነበር። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ሦስት ጊዜ «በቅርብ ቀን» ይላል፤ ቀጥሎ የአንድ ፊልም ስም፣ ከዚያ እንደገና ሦስት ጊዜ «በቅርብ ቀን»።

አነበብኩት። ጋሽ ጥሩሰው ከውጭ አንኳኩ።

«የመጀመሪያው በቅርብ ቀን ከሩቅ ይሰማ» አሉኝ። «ሁለተኛው ይጠጋ። ሦስተኛው ደጅ ላይ ይድረስ።»

«ቀኑ መቼ ነው ጋሼ?» አልኳቸው። የሚያየኝ ሰው ባይኖር ነው የደፈርኩት።

«የምኑ ቀን?»

«ፊልሙ የሚወጣበት።»

«እሱን እኛ ምን አገባን? እኛ የምንሸጠው መምጣቱን ነው፤ መድረሱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው» አሉና ሳቁ። ሦስተኛውን ደጅ ላይ ማድረስ ስለቻልኩ በዚያው ቀን ተቀጠርኩ።

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩት ዓይኔን ከጫማዬ ሳላነሣ ነው፤ መምህሬም «ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ለጫማዋ በደንብ አስረድታለች» ብለው አሳልፈውኛል። ድምፄ ግን በማይክ ሲወጣ የሌላ ሴት ይሆናል። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀርጬ ገበያ መሀል የምጮኸው እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም። ለእንደኔ ዓይነት ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልነበረም።

በቤቱ አራት ሠራተኞች ነበርን፤ አራታችንም ኃላፊዎች። ጋሽ ጥሩሰው ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሹፌሩ ይበልጣል የስምሪት ኃላፊ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ልጅ የምስል ክፍል ኃላፊ፣ እኔ የድምፅና የኪነ ጥበብ መረጃ ኃላፊ ነበርኩ። የምንመራው ሰው ስላልነበረ እርስ በርስ እንከባበር ነበር።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ወቅት የገበያ ቀን እየጠበቅን እንወጣለን። አሮጌዋ ፒካፕ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ወደ ግራና ቀኝ ዞረው ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ጀነሬተር ይቀመጣል። እኔ ጋቢና ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ፍላሽ እቀያይራለሁ። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ድምፅ ይጠፋል። የለቅሶ ድንኳን ካየንም ይጠፋል። ሕጉን ያወጣው ይበልጣል ነው፤ አንድ ጊዜ ለቀስተኛ ፊት «እንዳያመልጣችሁ!» ብለን አልፈን በድንጋይ ተሸኝተናል።

ገበያው ሁሉ ጠባይ አለው። ደጀን ላይ የከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳቸውን እየበሉ ያዳምጡናል፤ ከሰዓት በኋላ ዓባይን ስለሚሻገሩ «በቅርብ ቀን» የሚባለው ነገር አይመለከታቸውም። ቁይ ላይ ሰዉ በጨዋ ደንብ ሰምቶ ወደ እህሉ ይመለሳል። ጉንደ ወይን ግን ይጠይቃል። «የቱ ቀን?» ይላል። «ከሚካኤል በፊት ነው ከሚካኤል በኋላ?» ይበልጣል እንዳልሰማ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን በጳጉሜን ይመጣል። «በአዲሱ ዓመት በጉጉት የሚጠበቁ» እንለዋለን። በአካባቢው የሚወጡትን አልበሞች፣ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ሰብስበን በመኪናም በኢንተርኔትም እናስነግራለን። ስልክ እየደወልኩ መረጃውን የማጠናቅረው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ጳጉሜን አንድ ድምፃዊ «እህቴ፣ አልበሙ አልቋል፤ ግጥምና ዜማ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። የስልኩ ጥራት መስሎኝ እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ደገመልኝ። አንድ ፊልም ሠሪም ፊልሙ መጠናቀቁን አበሰረኝ። መሪ ተዋናይዋ ማን እንደሆነች ስጠይቀው «እየፈለግን ነው፤ አንቺ ቁመትሽ እንዴት ነው?» አለ። ስልኩን ዘጋሁት።

የተከታታይ ድራማ አዘጋጁ ደግሞ ምዕራፍ ሁለትን አስመዘገበ።

«ምዕራፍ አንድ መቼ ነበር የወጣው?» አልኩት።

«አልወጣም። ምዕራፍ ሁለት ሲባል ሰው የተወደደ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ከሁለት ጀመርን።»

በኋላ በኋላ ቋንቋውን ለመድኩት። «ተጠናቋል» ማለት ታስቧል ማለት ነው። «ማስተሪንግ ላይ ነው» ማለት ተረስቷል። «ትንሽ ነገር ናት የቀረችው» ያለ ሰው ያቺ ትንሽ ነገር ምን እንደሆነች ራሱም አያውቃትም። ከልቡ የሚሠራ ሰው ግን ስልክ አያነሣም፤ ስለማያነሣም ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ጋሽ ጥሩሰው የውጭ ፊልሞችም እንዲጨመሩ ፈለጉና ከኢንተርኔት አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዓመተ ምሕረቱን አዩና ወረቀቱን መለሱልኝ። «ይኼ ገና ሰባት ስምንት ዓመት ይቀረዋል፤ ምን አስቸኮለን?» አሉ። የፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ሳስረዳቸው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እንዳለ ይነበብ። ሰባት ስምንት ዓመት ጠብቆ የሚቆጣን የለም።»

አንድ ጳጉሜን ጉንፋን ያዘኝና ድምፄ ጠፋ። ጋሽ ጥሩሰው የአምናውን ቅጂ እንድንከፍተው አዘዙ። ቅጂው ሁሉንም ከተሞች ዞረ፤ ተሳስታችኋል ያለን አንድም ሰው አልመጣም። ስህተትም አልነበረበትም። አምና ይጠበቁ የነበሩት ሁሉ ዘንድሮም ይጠበቁ ነበር።

በዝርዝሩ ራስ ላይ ዘወትር የሚቀመጠው ምኒችል ነው። ምኒችል የማርቆስ ልጅ፣ የሠርግ ዘፋኝ፣ ድምፁ በእውነት ያማረ ሰው ነው። ሠርግ ላይ መድረክ መሪዎች «አልበሙ በጉጉት የሚጠበቀው ድምፃዊ!» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ይህን ማዕረግ የሰጠነው እኛ ነን። ሰው አልበሙን ስለሚጠብቅ ለሠርጉ ይጠራዋል። በየሠርጉ ስለሚዘፍን አልበሙን የሚሠራበት ጊዜ የለውም። አልበሙን ስለማይሠራ ሰው ይጠብቃል። ኑሮው ተስተካክሎለት ነበር።

ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ ለጋሽ ጥሩሰው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በጽሑፍ ነው ያቀረብኩት፤ በቃል ቢሆን አልጨርሰውም። ከሁለት ዓመት በላይ የተጠበቀ ሥራ ከዝርዝሩ ይውጣ የሚል ነበር። ጋሽ ጥሩሰው አንብበው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ ምኒችል ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ቢሮ መጣ።

«መሲ፣ ልታወጭኝ ነው አሉ?»

«አልበሙ ካለ አላወጣህም።»

«አለ! እዚህ ነው ያለው» አለና ደረቱን ነካ።

«ከዚያ ማን ያወጣዋል?»

መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ። ከዚያ ነገሩን ነገረኝ። ጉንደ ወይን ልብስ የምትሰፋ ውዴ የምትባል ልጅ አለች። ይዋደዳሉ። ለአባቷ ለአያ አንማው ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የተሰጠው መልስ «አልበሙ ይውጣና እንነጋገራለን» የሚል ነው። ከእሱ ቀጥሎ ባለ አይሱዙ የሆነ ሰው ሽማግሌ ልኮ ነበር። አያ አንማው «መኪና ሞልቷል፤ የእኔ ልጅ የምታገባው አልበም ያለው ሰው ነው» ብለው ገበያ መሀል ተናግረው መልሰውታል። አሁን ግን ሰዉ «አልበሙ የታለ?» እያለ ይጠይቃቸዋል። እስከ ጥር ድረስ ካልወጣ የባለ አይሱዙውን ሽማግሌዎች እጠራለሁ ብለዋል።

«ስሜ ከመኪናዋ ከጠፋ በዚያው አበቃ» አለኝ። «አንድ ዘፈን እኮ አለኝ። ስሚው።»

ያለ ሙዚቃ፣ በስልኩ የቀዳውን አሰማኝ። ስለ ውዴ ነው። «ነይ» የሚለው ቃል በዛ፤ ዜማው ግን ጥሩ ነው። ከዝርዝሩ አላወጣሁትም። ቦታውን ግን ከራስጌ ወደ ግርጌ አወረድኩት። በእኔ አቅም ጭካኔ ማለት ያ ነበር።

መስከረም ላይ ጉንደ ወይን ገበያ ወጣን። ድምፄ ከሞንታርቦው «የምኒችል አዲስ አልበም፣ በቅርብ ቀን!» እያለ ሳለ አንድ ሰው የጋቢናውን መስኮት በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። ወፍራም ጋቢ ደርበዋል፤ ጢማቸው በጥንቃቄ ተስተካክሏል። መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ። ይችን የምትጮኸዋን ሴት ፈልጌ ነበር።»

ይበልጣል ፈጥኖ «ማርቆስ ናት አባባ» አለ።

«አንተን አልጠየቅሁም። አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄን ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። «አወቅሁት። አንማው እባላለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ቅርብ ቀን የምትይው የቱ ነው?»

«እኔ አንባቢ ነኝ አባባ። ቀኑን አላውቀውም።»

«ሳታውቂው ነው ገበያውን ሁሉ የምታውኪው?» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ የበሬ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። «እሽ፣ በይ ደህና ሁኝ።»

መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ይበልጣል «ተገላገልን» አለ። አልተገላገልንም ነበር።

ኅዳር ላይ የምኒችል ሽማግሌዎች መልስ ለመቀበል እንደገና ጉንደ ወይን ሄዱ። ይዘው የመጡትን ቃል ምኒችል ቢሮ ድረስ መጥቶ ነገረን። አያ አንማው እንዲህ ብለዋል፦ በጋብቻ ውል ለጥሎሹም ለሁሉም ዋስ ይጠራል፤ ለአልበሙም ዋስ ይጠራ። ዋሱ ደግሞ ማንም ሰው አይሆንም። ይመጣል ብላ በአደባባይ የመሰከረችው ሴት ናት፤ እሷው ትምጣ።

ጋሽ ጥሩሰው ከወንበራቸው ተነሡ። «ይኼ ታሪካዊ ነው!» አሉ። «ማስታወቂያችን የሰውን ቤት ገባ ማለት እኮ ነው። መሲ፣ ትሄጃለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ ሰው ፊት...»

«አንድ ቃል ነው። 'ዋስ ነኝ' ትያለሽ፣ ምሳ ትበያለሽ፣ ትመለሻለሽ።»

«አልበሙ ግን የለም።»

«በቅርብ ቀን» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። ይህን ቃል እንደ እምነት ሲናገሩት የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጋሽ ጥሩሰውና ከምኒችል ጋር አያ አንማው ቤት ደረስን። ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ የውዴ ዘመዶች በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ መካከል የምኒችል አጎት የሆኑ ቄስ አሉ። ለእኔ ከመካከል በርጩማ ተቀምጦልኛል። ከመግባቴ በፊት ውዴ ጓሮ ጠርታኝ ነበር። ቀጠን ያለች፣ ጣቶቿ በመርፌ የተወጉ ልጅ ናት።

«እኔ አልበሙን አልፈልገውም፤ እሱን ነው የምፈልገው» አለችኝ። «አባቴም ክፉ ሰው አይደለም። ግን ገበያ ላይ ተናግሯል፤ አሁን መመለሻ ጠፋው። ደግሞ ውሸት ተናግረሽ እንዳታስቂበት፣ እባክሽ።»

ምኒችል በሩ ላይ «አልቋል በይ፣ አልቋል በይ» እያለ ያንሾካሹካል። በሁለቱ መካከል አልፌ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። አያ አንማው ጀመሩ።

«አልበም ይመጣል ብለሽ ተናግረሻል?»

«ተናግሬያለሁ።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

ጋሽ ጥሩሰው አሳላቸው።

«ሰምተሽዋልስ?»

«የሰማሁት አንድ ዘፈን ነው። እሱንም ያለ ሙዚቃ፣ በስልክ።»

ምኒችል ግድግዳውን ተደገፈ። አያ አንማው ወደ ጋሽ ጥሩሰው ዞሩ።

«ታዲያ ይቺ ልጅ አልበም ብላ የጮኸችው የማንን ቃል ነው?»

«አያ አንማው፣ ይኼ እኮ የሥራው አነጋገር ነው» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። «ማስታወቂያ ሲባል...»

«እኛ ዘንድ ገበያ መሀል ጮኾ የተናገረ ሰው ምስክር ይባላል» አሉ ቄሱ። ለእኛ ወገን የመጡ ሽማግሌ መሆናቸውን ለጊዜው የረሱት ይመስላሉ።

አያ አንማው ለመነሣት ዱላቸውን ያዙ። ከተነሡ ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ። በጓዳው መጋረጃ ሥር የውዴ እግር ይታያል፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ለአልበሙ ዋስ አልሆንም» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወለሉን እያየሁ ቀጠልኩ። «ለአንዱ ዘፈን ግን እሆናለሁ። ቀን ይቆረጥለት።»

ከዚያ የተነሣው ክርክር ከምሳ በፊት አላለቀም። ጥያቄው አንድ ዘፈን አልበም ይባላል ወይ የሚል ነው። የውዴ አጎት አንድ በሬ ያለው ሰው ጥማድ አለኝ አይልም አሉ። ቄሱ፣ አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ጦም አዳሪ አይባልም አሉ። አጎትየው «ታዲያ የዘፈኑ ጎረቤት ማን ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ አንማው ግን አልሳቁም። ለገበያው ምን እንደሚሉ እያሰቡ ነበር።

በመጨረሻ ራሳቸው መውጫውን አገኙት። «የመጀመሪያው ወጣ እላለሁ» አሉ። «የመጀመሪያው ሲባል ሌላ እንዳለ ሰው ያውቃል።» ጋሽ ጥሩሰው በአድናቆት አዩዋቸው፤ ቢችሉ ኖሮ እዚያው ይቀጥሯቸው ነበር።

ቀኑ ተቆረጠ። ዘፈኑ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከመውረዳቸው በፊት ይወጣል። ከወጣ፣ ሠርጉ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ይሆናል። ካልወጣ፣ የባለ አይሱዙው ሽማግሌዎች ይጠራሉ።

«ዋሷስ? ካልወጣ ምን ትሆናለች?» ሲል አንድ የውዴ ዘመድ ጠየቀ።

«በዚያችው መኪና ትመጣለች» አሉ አያ አንማው። «ከመኪናዋ ወርዳ፣ ገበያው መሀል ቆማ፣ በገዛ አፏ 'ያልኩት ሐሰት ነው' ትላለች።»

ሌላው ሰው ይህን ቅጣት ቀላል ነው ያለው ይመስለኛል። እኔ ምሳ መብላት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ የተለየ ነው። በየቀኑ ለምኒችል ደወልኩለት። መጀመሪያ አቀናባሪው ጠፋ አለ፤ አቀናባሪውን አዲስ አበባ ጎጃም በረንዳ ከሚባል ሰፈር በስልክ ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ ጉሮሮዬን አመመኝ አለ፤ ይበልጣልን ማር አስይዤ ላክሁበት። ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ።

«በጾም እንዴት እዘፍናለሁ መሲ? ነውር አይደለም?»

ለአጎቱ ለቄሱ ደወልኩ። በስልክ ቆም እያልኩ ጉዳዩን አስረዳኋቸው።

«እኔ በጾም ዝፈን አልለውም፤ አንችም እንዲህ አለኝ እንዳትይ» አሉኝ። «ቀኑ ግን አይገፋም። ንገሪው።»

ነገርኩት። ምኒችል «አጎቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ። ከገና በኋላ ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸውና ሙዚቃው በጾሙ ውስጥ ያለ ድምፅ ተዘጋጀ፤ ድምፁ በገና ማግስት ተቀዳ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው የተቀዳው። ምኒችል ስለማይበቃው በሩ ተከፍቶ እግሮቹ ውጭ ሆነው ዘፈነ። «ነይ» የሚለውን እንዲቀንስ ጠየቅሁት። ሁለቱን አወጣልኝ።

በከተራ ዋዜማ ዘፈኑ ተጠናቀቀ። «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል በትክክለኛ ትርጉሙ የጻፍኩት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ማለዳ ወደ ኢንተርኔት ለመጫን ስንሞክር ኔትወርክ የለም። ደብረ ማርቆስ በሙሉ የለም። ምኒችል ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ።

«በሰው እጅ አይደለም» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። «ይረዱናል። በቅርብ ቀን...»

«ጋሼ፣ ይህን ቃል ዛሬ አይበሉት» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ዘፈኑን በፍላሽ ገልብጬ ለይበልጣል ሰጠሁት። ሞንታርቦዎቹን አሰርን። ጀነሬተሩ አልነሣ ብሎ ይበልጣል እየተሳደበ አስነሣው። ጉንደ ወይን ስንገባ ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ ታቦት ማደሪያው ለመውረድ መዘጋጀት ጀምሯል። መንገዱ ዳር ቆምን። እስከዚያ ቀን ያቺ መኪና ሊመጣ ያለ ነገር እንጂ የመጣ ነገር አሰምታ አታውቅም።

ዘፈኑን ከፈትኩት። ማስታወቂያ አልነበረበትም፤ ዘፈኑ ብቻ። ሰዉ ቆም ቆም ማለት ጀመረ። አያ አንማው በአዲስ ጋቢ መጡና ከሞንታርቦው ፊት ለፊት ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ይበልጣል ድምፁን አጠፋው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው አባባ።»

«እኔ ቤት የተቀመጠችን ልጅ ነይ፣ ነይ ማለት ምን ይሉታል? ሽማግሌ ልኮ የለም እንዴ?»

ከልባቸው ነበር ወይስ ሰዉን ለማሳቅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጠገባቸው የነበረ ሰው «አያ አንማው፣ አልበሙ ወጣ ማለት ነው?» አላቸው።

«የመጀመሪያው ወጣ» አሉ አያ አንማው፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

ውዴ ከሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። የስፌት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችና ሱቁን ዘጋች። ለሠርጉ የራሷን ልብስ መስፋት ነበረባት፤ የቀሯት ቀናት ጥቂት ናቸው።

ሠርጉ በተቆረጠለት እሑድ ሆነ። ምኒችል በራሱ ሠርግ ላይ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ዘፈነ። እኔ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ተለውጧል። ጉንደ ወይን ላይ «በቅርብ ቀን!» ስንል ልጅ አዋቂው «ዋሱ ማነው?» ይላል። ነገሩ ቁይ ደረሰ። ደንበኞቻችን ግማሹ ሸሹ። ምዕራፍ ሁለትን ያስመዘገበው አዘጋጅ ዋስ አምጣ ሲባል ተቆጥቶ ወጣ፤ ወደ ምዕራፍ ሦስት እንዳለፈ ሰምቻለሁ። ጋሽ ጥሩሰው ጥቂት ሳምንት አዘኑ፤ ከዚያ ተጽናኑና በራችን ላይ «ዋስ ያለው ማስታወቂያ እንሠራለን» የሚል ባነር ሰቀሉ። ደመወዝተኛ ዋስ እንቅጠር የሚል ሐሳብም አምጥተው ነበር። «ማን?» ስላቸው እኔን አዩኝ። በጽሑፍ እንቢ አልኳቸው።

በዚህ ጳጉሜን የሚጠበቁትን ለማጠናቀር ስቀመጥ ምኒችል ደወለ። ድምፁ ደስታ አለበት፤ ትዳር ተስማምቶታል።

«መሲዬ፣ በአዲሱ ዓመት ሙሉ አልበም አለ። መዝግቢኝ።»

«ዋስህ ማን ነው?»

«ከሚስት የበለጠ ዋስ ማን አለ? ውዴ ናታ!» ብሎ ስልኩን ሰጣት። የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ቆመ።

«ደህና ነሽ መሲ?» አለች ውዴ። «ዋስ ሁኝ ያለኝ ለአልበሙ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ አልሆንም። አሁን አውቀዋለሁ።»

አልመዘገብኩትም። የዘንድሮው ዝርዝር አጭር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ የሥራውን ባለቤት «ምን ቀረህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «የቱ ቀን?» በሉትና ቀኑን ከነገራችሁ በኋላ ለሚስቱ ደውሉ።